ልክ እንደ «ፍሬንድስ»፦ ለድሮ ጓደኞች የፖከር ማታ እንዴት ይዘጋጃል

«ፍሬንድስ» የተባለውን የጓደኛሞች አስቂኝ ተከታታይ ድራማ ያየ ሰው ፖከር፣ ማለትም በካርታ የሚወራረዱበት ጨዋታ፣ የሚጫወቱባትን ክፍል አይረሳትም። የመጀመሪያው ሲዝን 18ኛ ክፍል ናት፣ በ1995 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በኤንቢሲ ቴሌቪዥን የታየች። ሴቶቹ «ወንዶቹ ብቻቸውን የሚጫወቱት ለምንድን ነው?» ብለው ይነሳሉ፣ ገብተው ይሸነፋሉ፣ ከአንዷ፣ ከሞኒካ፣ አክስት ከአይሪስ ይማሩና ተመልሰው ይገጥማሉ። ካርታ ነክቶ የማያውቅ እንኳን ይወዳታል። እኔም ተበታትነን የነበርነውን የትምህርት ቤት ጓደኞች መሰብሰብ የጀመርኩት እሷን ደግሜ ካየሁ በኋላ ነው።

እናንተም ማዘጋጀት ከፈለጋችሁ እንዲህ አድርጉ።

መጀመሪያ ሰው ቁጠሩ። አምስት ወይም ስድስት ይሁን። በጣም ቀላሉ የፖከር ዓይነት አምስት አምስት ካርታ ታድሎ የማይፈለገው የሚቀየርበት ነው፣ «ፍሬንድስ» ላይም የሚጫወቱት ይህንኑ ነው። ለስድስት ሰው 30 ካርታ ይታደላል፣ 22 ይተርፋል። ሁሉም ሦስት ሦስት ቢቀይር 18 ይበቃል። ሰባተኛ ሰው ከመጣ ግን 17 ብቻ ስለሚተርፍ ካርታ ሊያልቅባችሁ ይችላል። ኮንከር የለመዳችሁ ደግሞ ጆከሮቹን አውጡ፤ የሚፈለገው አንድ ደስታ፣ 52 ካርታ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ቺፕስ፣ ማለትም በገንዘብ ምትክ የምትወራረዱበት ነገር። ገንዘብ አታስገቡ፤ ይህን አጥብቄ ነው የምለው። የድሮ ጓደኞች ኪስ እኩል አይደለም፣ አንዱ የቤት ኪራይ ጨንቆት መጥቶ ይሆናል፣ አይነግራችሁም። ጥሬ ባቄላ ለእያንዳንዱ 50 ፍሬ ስጡ። ቆሎ አይሆንም፣ ጨዋታው ሳያልቅ ይበላል። ሌላም ሕግ ጨምሩ፦ ማንም ሰው መወራረድ የሚችለው ፊቱ ባለው ባቄላ ብቻ ነው። በፊልሙ የመጨረሻ ዙር ላይ ከጓደኛሞቹ ሁለቱ፣ ሮስና ሬቸል፣ ከሌሎቹ ገንዘብ እየተቀበሉ ውርርዱን ሲያሳድጉ ልብ ይሰቅላል፤ በእውነተኛ ጠረጴዛ ላይ ግን መበደር ከተፈቀደ የሚያሸንፈው ብዙ አበዳሪ ያለው ነው።

ከዚያ የካርታዎቹን ደረጃ በትልቅ ወረቀት ጽፋችሁ ጠረጴዛው መሃል አስቀምጡ። ከታች ወደ ላይ እንዲህ ነው፦ ምንም ያልገጠመለት፣ አንድ ጥንድ፣ ሁለት ጥንድ፣ ሦስት አንድ ዓይነት፣ ስትሬት (አምስት ተከታታይ ቁጥር)፣ ፍላሽ (አምስቱም አንድ ምልክት፣ ለምሳሌ ሁሉም ልብ)፣ ፉል ሃውስ (ሦስት አንድ ዓይነትና አንድ ጥንድ)፣ አራት አንድ ዓይነት፣ በመጨረሻም ስትሬት ፍላሽ። ጀማሪ ሁሌ የሚጨቃጨቀው ፍላሽና ፉል ሃውስ ላይ ነው። መልሱ ቁጥሩ ውስጥ አለ፤ ከ52 ካርታ በአጠቃላይ 2,598,960 ዓይነት የአምስት ካርታ እጅ ይወጣል፣ ከነዚህ ውስጥ ፍላሽ 5,108 ሲሆን ፉል ሃውስ 3,744 ብቻ ነው። ብርቅ የሆነው ይበልጣል። ግማሽ ያህሉ ጊዜ ደግሞ የሚደርሳችሁ ምንም ያልገጠመ ካርታ ነው፤ ስለዚህ አንድ ጥንድ ሲይዝ የሚደሰት ጓደኛ አትናቁ።

አሁን ተጫወቱ። ሁሉም አንድ አንድ ባቄላ መግቢያ ይጥላል። አዳዩ በውዞ አምስት አምስት ያድላል፣ ከአዳዩ በስተግራ ያለው ይጀምራል። ወይ ቼክ ይላል፣ ማለትም ሳይወራረድ ያሳልፋል፤ ወይ ይወራረዳል። አንዴ ሰው ከተወራረደ ሌላው እኩል ያስገባል፣ ይጨምራል፣ ወይ ካርታውን ጥሎ ይወጣል። ከዚያ እስከ ሦስት ካርታ መቀየር ይቻላል፣ ደግሞ አንዴ ውርርድ፣ ከዚያ ካርታ ማሳየት። አንድ ጥንድ ይዛችሁ ሦስቱን ብትቀይሩ ከ100 ወደ 29 ጊዜ የተሻለ ነገር ታገኛላችሁ። አራት ልብ ይዛችሁ አምስተኛውን ብትጠብቁ ግን የሚመጣላችሁ ከአምስት አንዴ ገደማ ነው፣ ለሱ ብላችሁ ባቄላችሁን አትጨርሱ።

ብለፍን፣ ማለትም ደካማ ካርታ ይዞ ጥሩ የያዘ መምሰልን፣ አትዝለሉት፣ የጨዋታው ጣዕም እሱ ነው። አክስት አይሪስ ልጆቹን የምታስተምርበት መንገድ ግሩም ነው፦ ገና እንደጀመረች አንድ የሚያስደነግጥ ወሬ ትነግራቸዋለች፣ ሲያምኗት ብለፍ ማለት ይህ ነው ትላቸዋለች። እናንተም ጀማሪ ካለ እንደሷ አድርጉ፣ ከሕግ ንባብ ይሻላል። የሃያ ዓመት ጓደኛን መዋሸት ደግሞ ከባድ ነው። ከመሃላችን አንዱ ጥሩ ካርታ ሲመጣለት የሻይ ብርጭቆውን ወደ ራሱ ሳብ ያደርጋል፤ ዘጠነኛ ክፍል ፈተና ሲመለስለትም እርሳሱን እንዲሁ ነበር የሚስበው።

ስልክ ይሰብሰብ የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ልጅ ቤት ጥሎ የመጣ አለ፣ እናቱ የታመመችበት አለ። ሬቸልም ሳክስ ፊፍዝ አቨኑ በተባለው ትልቅ መደብር ያመለከተችው ሥራ እንዳልተሳካ የሰማችው ጨዋታው መሃል ስልክ ተደውሎ ነው። ስልኩን ዘግታ ተመልሳ ካርታዋን አነሳች። እንዲህ ያለ ወሬ የመጣለት ሰው ጓደኞቹ መሃል ቢሰማው ይሻላል።

የመጨረሻው ሕግ ደግሞ የምወደው ነው፦ ተጥሎ የተወጣበት ካርታ አይታይም። የፖከር ሕግም ነው፣ የክፍሏም ልብ እሱ ነው። ሮስ ካርታ ስጫወት አልራራም ሲል ቆይቶ ለሬቸል ፉል ሃውስ ተሸነፈ፣ ምን ይዞ እንደነበር ግን አላሳየም። ጓደኞቹ ሊያዩ ሲሞክሩም ከለከላቸው።

ባለፈው እኛም ቤት አንዱ ጓደኛችን ባቄላው ሁሉ መሃል ተከምሮ ሳለ «በቃ፣ ያንተ ነው» ብሎ ካርታውን ደፋ። ያሸነፈው ልጅ በዚያ ሳምንት ፊቱ ሲፈታ ያየነው ያኔ ነበር። ሁሉም ከሄዱ በኋላ ጠረጴዛ ሳጸዳ አምስቱን ካርታዎች እንደተደፉ አገኘኋቸው። ሳላያቸው ከሌሎቹ ጋር በወዝኳቸው።