ለፍትሕ ስትታገሉ ተስፋ እንዳትቆርጡ

ዜና ባያችሁ ቁጥር ልባችሁ የሚዝል ከሆነ፣ ትግሉ ረጅም ጊዜ እንደሚፈጅ ከወዲሁ ተቀበሉ። የቻድን ሰዎች ተመልከቱ። ሺዎችን ያሰቃየውና ያስገደለው የአገሪቱ አምባገነን ሂሴን ሀብሬ ከሥልጣን የተባረረው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው፤ ሸሽቶ በኖረባት ሴኔጋል፣ ዳካር ላይ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ግን በ2016! በመሃሉ ሴኔጋል ውስጥ ክሱ ውድቅ ተደረገ፣ ቤልጂየም ተሄደ፣ ጉዳዩ አፍሪካ ኅብረት ድረስ ደረሰ፣ ስንቱ ተጎጂ ፍርዱን ሳያይ ሞተ።

ጉዳዩን በሕይወት ያቆየው መዝገብ ነው። በሀብሬ ዘመን ታስረው የነበሩት ሱሌይማን ጌንጌንግ ከእስር ሲወጡ የመቶዎችን ቃል ሰብስበው ቤታቸው ደበቁ፤ ያኔ የሚሰማቸው ፍርድ ቤት አልነበረም። እናንተም ስም፣ ቀንና ቦታ መዝግቡ። ቅጂውን ሌላ አስተማማኝ ቦታ አስቀምጡ። ባለጉዳዩ ሳይፈቅድ ግን ምንም እንዳታወጡ፣ ሰው ሊታሰርበት ይችላል።

ብቻችሁን አትሥሩ። የቻድ ተጎጂዎች ማኅበር ነበራቸው፣ አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀጥላል። የዓለምን ግፍ ሁሉ መሸከም ስለማይቻል አንድ ጉዳይ መርጣችሁ እሱን አጥብቃችሁ ያዙ። ሲከብዳችሁ ስልካችሁን ዘግታችሁ ተኙ፣ ማንም አይቀየማችሁም። አንድ እስረኛ ሲፈታ ደግሞ ተሰብሰቡና ቡና አፍሉ፣ ደስ ይበላችሁ።