«ይሄ ስንት ይስባል?» ለማታ ኮንሰርት ሌንስ ስትመርጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው አንድ ጥያቄ አያመልጠውም፦ «ይሄ ስንት ይስባል?» ጠያቂው የባጃጅ ሾፌር ሊሆን ይችላል፣ የሙሽራው አጎትም ሊሆን ይችላል። የሚገርመኝ እኛው ፎቶ አንሺዎቹም ሌንስ ልንገዛ ስንሄድ መጀመሪያ የምንጠይቀው ይህንኑ መሆኑ ነው። ጅሬን ወጥቶ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ተመራቂ ለሚያነሳ ሰው ጥያቄው ብዙም አይጎዳም፤ ፀሐይ የሌንሱን ጉድ ትሸፍናለች። ማታ አዳራሽ ውስጥ ግን መብራቱ ጠፍቶ ድምፃዊው ላይ አንድ ቀይ ብርሃን ብቻ ሲቀር፣ ቀን ሲሠራ የዋለው ሌንስ ድንገት ዓይኑ ይጠፋል። ከታች ካሉት ስህተቶች ግማሹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

ርዝመትን እንደ ብቃት መቁጠር

የመጀመሪያዬ «የኮንሰርት ሌንስ» 75-300 ነበር፣ ማለትም ከ75 እስከ 300 ሚሊ ሜትር የሚስብ። ግዙፍ ስለሆነ ሰው አይቶ መንገድ ይለቅልኛል፤ ያ ብቻውን ደስ ይል ነበር። አንድ የበዓል ዋዜማ ከአዳራሹ ኋላ ቆሜ ሌሊቱን ሙሉ ሳነሳ አመሸሁ። ጠዋት ላፕቶፑ ላይ ስከፍተው ለድምፃዊው ላሳየው የደፈርኩት አራት ፎቶ ብቻ ነው፤ አራቱም ዘፈኑ ሳይጀመር ቆሞ ማይክ ሲያስተካክል የተነሱ ናቸው። ሌላው ሁሉ ሼክ ነው፣ ተንቀጥቅጦ የደበዘዘ።

ምክንያቱ ሒሳብ ነው። ያ ሌንስ ጫፉ ድረስ ሲሳብ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል፤ ከኤፍ 5.6 ወደ ኤፍ 1.8 ስትመጡ ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀርጸው የካሜራው ክፍል) የሚያገኘው ብርሃን ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል። በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200 እና በኤፍ 5.6 ሹተራችሁ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/30 ሰከንድ ላይ ቆሞ አልወርድም አልወጣም ካለ፣ በዚያው መብራት በኤፍ 1.8 በ1/250 ታነሳላችሁ፣ ትንሽም ይተርፋችኋል። በ1/30 የቆመ ሰው እንኳ ለጥቂት ነው፤ የሚዘፍን ሰው ደግሞ አይቆምም። በዚያ ላይ ርዝመቱ የእጅን መንቀጥቀጥ አብሮ ያጎላል። 300 ሚሊ ሜትር በካኖን ክሮፕ ካሜራ (ሴንሰሩ ከፉል ፍሬም፣ ማለትም ከሙሉው መጠን፣ ያነሰ) ላይ እንደ 480 ስለሚያይ፣ እጃችሁ እንዳያስቸግር ብቻ 1/500 አካባቢ ይጠይቃል። ያንን ማታ በኤፍ 5.6 ከየት ታመጡታላችሁ?

ስለዚህ ሻጩን መጠየቅ ያለባችሁ «ስንት ይከፈታል?» ብላችሁ ነው። ገንዘብ ለሌለው ሰው መልሱ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ነው። ካኖንም፣ ኒኮንም፣ ሶኒም አላቸው፤ በየቤታቸው ካሉት ርካሽ ሌንሶች መካከል ናቸው። የካኖን ከሆነ በ2015 የወጣውን ኤስቲኤም ፈልጉ። ከእሱ በፊት የነበረው የ1990ው ሞዴል መስታወቱ ምንም አይልም፣ ጨለማ ውስጥ ግን ፎከስ እየፈለገ ወዲያ ወዲህ ሲል ዘፈኑ ያልቅበታል። ድምፁም ይሰማል።

(አይኤስኦ ስለሚፈሩ ሰዎች በዚሁ አንድ ነገር ልበል። ኖይዝ (ነጠብጣብ) የበዛበት ፎቶ በኮምፒውተር ይጸዳል፣ ካልሆነም ጥቁርና ነጭ ተደርጎ ያምራል። የተንቀጠቀጠውን ማንም አይመልሰውም። አይኤስኦውን ከፍ አድርጉት።)

ቁጥሩን ግማሹን ብቻ ማንበብ

ከካሜራው ጋር አብሮ የሚመጣው 18-55 ላይ «3.5-5.6» ተብሎ ተጽፏል። ብዙ ሰው 3.5ን አንብቦ ያልፋል። 3.5 የሚሠራው 18 አካባቢ ሆናችሁ መድረኩን ከነተመልካቹ ስታነሱ ብቻ ነው፤ ወደ 55 ስትስቡ ሌንሱ ራሱ ወደ 5.6 ይዘጋል፣ ከብርሃኑም ከግማሽ በላይ ይቀንሳል። ማኑዋል ላይ (ሁሉን ራሳችሁ እያስተካከላችሁ) ሆናችሁ «ሳቀርበው ፎቶው ለምን ይጠቁራል?» ብላችሁ ግራ ከገባችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ዙም የግድ ካስፈለጋችሁ ሌንሱ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ የተጻፈበትን ፈልጉ፦ ኤፍ 2.8። 24-70 እና 70-200 የታወቁት ናቸው፣ ዋጋቸውም የታወቀ ነው። ክሮፕ ካሜራ ላላችሁ ታምሮንም ሲግማም የሠሯቸው 17-50 ኤፍ 2.8 ሌንሶች አሉ፤ ያገለገለ ሲገኝ ለአዳራሽ ሥራ ከሁሉም የምመርጠው እሱን ነው።

«ስታብላይዘር አለው» በሚል መጽናናት

ስታብላይዘር የሚያረጋጋው የእናንተን እጅ ነው። እስክስታ የሚመታውን ትከሻ አያረጋጋም። ጭፈራ ሲደምቅ 1/250 መነሻ ነው፣ 1/500 ይሻላል፣ እሱም የሚገኘው ሰፊ ከሚከፈት ሌንስ ነው።

አዳራሹን ሳይለኩ 85 መግዛት

ኢንተርኔት ላይ ስለ ኮንሰርት ፎቶ ያነበበ ሰው ሁሉ 85 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ይመኛል። ሌንሱ ግሩም ነው፣ ግን ያንን ምክር የሚጽፉት አብዛኞቹ ፉል ፍሬም ይዘው፣ በተመልካቹና በመድረኩ መሃል ለፎቶ አንሺ የተተወ ክፍት ቦታ ላይ ቆመው ነው። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ቦታ ብዙ ጊዜ የለም። ወይ መድረኩ ሥር ስፒከሩ ጎን ተጣብቃችሁ ትቆማላችሁ፣ ወይ ከወንበሩ ኋላ። 85 በክሮፕ ካሜራ ላይ በካኖን እንደ 136፣ በኒኮን ደግሞ እንደ 127 ያህል ያያል። መድረኩ ሥር ከሆናችሁ የድምፃዊው አፍንጫና ማይኩ ብቻ ፍሬሙን ይሞሉታል፣ ክራር ተጫዋቹን ልጨምር ብትሉ መሸሻ የላችሁም።

እኔ አሁን የማደርገው ቀላል ነው። ቀደም ብዬ የድምፅ ሙከራ ሲደረግ እገባለሁ፣ ያንኑ የተናቀ 18-55 ገጥሜ ልቆምበት የምችልበት ቦታ ላይ ሆኜ 35 ላይ፣ ከዚያ 50 ላይ አድርጌ እያንዳንዳቸውን ደጋግሜ አያለሁ። ለትንሽ አዳራሽ በክሮፕ ካሜራ 35 ኤፍ 1.8 ብዙ ጊዜ ከ50ውም ይበልጣል፤ ኒኮን ለክሮፕ ካሜራ የሠራው 35 ርካሽና ጥሩ ነው። ስታዲየም ውስጥ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል፣ እዚያ 70-200 ያስፈልጋል። ግን በዓመት ስንቴ ስታዲየም ውስጥ ታነሳላችሁ? ለአንድ ሌሊት መከራየት ወይም ከጓደኛ መዋስ ይሻላል። ካሁን በፊት የኮንሰርት ሥራ የሠራችሁ ከሆነ ደግሞ የድሮ ፎቶዎቻችሁን ከፍታችሁ በስንት ሚሊ ሜትር እንደተነሱ እዩ፣ ፋይሉ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። እኔ ስቆጥር አብዛኞቹ ከ30 እስከ 55 መካከል ነበሩ፤ ያ ሁሉ የ85 ምኞት እዚያው ቀረ።

«ገባ» ሲባል «ሠራ» ብሎ ማመን

ከአዲስ አበባ በሰው አስመጥቼ የተቃጠልኩበት ነው። ለኒኮን ካሜራዬ 50 ኤፍ 1.8 ተባለ፣ መጣ፣ ገጠምኩት፣ ቀጭ ብሎ ገባ። ፎከስ ግን አላደርግም አለ። የመጣው «ዲ» የሚል ፊደል ያለበት የድሮው ዓይነት ነበር፤ እሱ ውስጡ ሞተር የለውም፣ ካሜራው ውስጥ ባለው ሞተር ነው የሚሽከረከረው። የኔ ዓይነት አነስተኛ ኒኮኖች፣ እነ ዲ3000ና ዲ5000 ተከታታይ፣ ያንን ሞተር አልያዙም። ጨለማ ውስጥ ለሚንቀሳቀስ ሰው በእጅ ፎከስ እያደረጉ ማንሳት ሞክሬዋለሁ፣ አልመክርም። ለእነዚህ ካሜራዎች «ኤኤፍ-ኤስ» የሚል የተጻፈበትን አስመጡ።

ካኖንም የራሱ ጣጣ አለው። «ኢኤፍ-ኤስ» የክሮፕ ሌንስ ስለሆነ ካኖን ፉል ፍሬም ዲኤስኤልአር (ባለ መስታወቱ ካሜራ) ላይ ጭራሽ አይገባም፣ አዲሶቹ መስታወት አልባ ካሜራዎች ደግሞ የድሮዎቹን ሌንሶች ያለ አዳፕተር አይቀበሉም። ብር ከመላካችሁ በፊት የካሜራችሁን ሞዴልና የሌንሱን ሙሉ ስም ከነፊደሉ ጽፋችሁ አረጋግጡ።

ሁልጊዜ እስከ ጥግ መክፈት

ኤፍ 1.8 ያገኘ ሰው መጀመሪያ ሰሞን ከዚያ አይወርድም። እኔም አልወረድኩም። ፉል ፍሬም ላይ 85ን በኤፍ 1.8 ከፍታችሁ 3 ሜትር ላይ ያለ ሰው ብታነሱ ጥርት ብሎ የሚወጣው ውፍረት 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ማሲንቆ የሚገርፍ እጅ ከፊቱ ምን ያህል ወደፊት እንደሚወጣ አስቡት፤ እጁ ሲጠራ ፊቱ ይደበዝዛል። ማይክ ደግሞ የካሜራ ፎከስ ወዳጅ ነው፣ ከዓይን ይልቅ ብረቱን ይመርጣል። የፎከስ ነጥቡን ራሳችሁ ዓይኑ ላይ አድርጉና መብራቱ ሲደምቅ ወደ ኤፍ 2.2 ወይም 2.8 ዝጉት።

የመብራትን ጥፋት በሌንስ ማላከክ

ፎቶው ላይ አግድም ጥቁር መስመር ሲታይ ሌንስ የሚቀይሩ ሰዎች አውቃለሁ። መስመሩ የሚመጣው ከመብራቱ ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ዓይን አያየውም፣ ፈጣን ሹተር ግን ይይዘዋል። ሹተሩን ወደ 1/100 አውርዳችሁ ሞክሩት። አንዳንድ ኤልኢዲ በራሱ ፍጥነት ስለሚብለጨለጭ እሱን በሙከራ ብቻ ነው የምትደርሱበት፤ ካሜራችሁ በኤሌክትሮኒክ ሹተር እያነሳ ከሆነ ደግሞ ወደ ሜካኒካሉ መልሱት።

ሻጋታ ሳያዩ ያገለገለ መግዛት

ይህ በተለይ የእኛ አገር ነገር ነው። ጅማ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት፤ ክረምት ገብቶ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለ ጫማ ሲሻግት ያላየ የለም። ሌንስም እንደዚያው ነው። ቆዳ ቦርሳ ውስጥ ተዘግቶ ከሰኔ እስከ መስከረም የከረመ ሌንስ መስታወቶቹ መሃል የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ያበቅላል። ቀን ላይ ስትሞክሩት ምንም አይታይም፣ ሻጩም ደህና የተነሳ ፎቶ ያሳያችኋል። ማታ የመድረኩ መብራት ፊት ለፊት ሲመታው ግን ፎቶው ላይ ወተት የፈሰሰ ይመስላል፣ ጥቁሩ ሁሉ ግራጫ ይሆናል።

ስለዚህ ልትገዙ ስትሄዱ የስልካችሁን ባትሪ አብሩና በሁለቱም በኩል፣ ከፊትም ከኋላም፣ ዘንበል አድርጋችሁ እያበራችሁ እዩት። ጥቂት የአቧራ ነጥብ አያሳስብም። ክር ክር የሚል ካያችሁ ግን የቱንም ያህል ቢረክስ ተዉት፤ የሚያጸዳው ባለሙያ ቢገኝ እንኳ ሻጋታው የመስታወቱን ቅብ በልቶት ሊሆን ይችላል። በዚያው እግረ መንገዳችሁን ሌንሱ አፍ ላይ የተጠመደውን ርካሽ ፊልተር ፍቱት፤ ማታ ማታ የመብራቱን ምስል እያንጸባረቀ አረንጓዴ ነጠብጣብ የሚበትነው እሱ ነው። በምትኩ ሁድ (ከጎን የሚመጣ ብርሃን የሚከልለውን) ግጠሙለት፣ ከግርግሩም ይከላከላል።

የገዛችሁትን ደግሞ ቦርሳ ውስጥ አታክርሙት። የእኔ ሌንሶች የሚያድሩት ለቅመማ ቅመም በሚሸጠው ክዳኑ ጥርቅም በሚል ፕላስቲክ ዕቃ ነው፤ ውስጡ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት የሚመጥጡ ትናንሽ ከረጢቶች እጨምራለሁ። ባለ ጫማ ቤቶቹ ለእነሱ ቆሻሻ ስለሆነ በነፃ ይሰጡኛል። እናቴ መጀመሪያ ሰሞን ዕቃውን ለበርበሬ ብላ ሁለት ጊዜ ወስዳብኛለች፣ አሁን ክዳኑ ላይ ስሜን ጽፌበታለሁ።