የወባ ስጋት ካርታ ስንሠራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ካርታ ቶሎ ይታመናል። ቀይ የተቀባው ወረዳ አጎበርም የኬሚካል ርጭትም ይደርሰዋል። አረንጓዴው ይቆይ ይባላል። ካርታው ከተሳሳተ ዋጋውን የሚከፍለው አረንጓዴ በተቀባው ቀበሌ ውስጥ የሚያድር ሕፃን ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 እስከ ኦክቶበር 20 ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና ከ1,100 በላይ ሞት ተመዝግቧል። ነገሩ የዋዛ አይደለም።

አሁን የዝናብ፣ የሙቀትና የከፍታ የሳተላይት መረጃ በነፃ ይገኛል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪም ሆነ የወረዳ የወባ ባለሙያ ላፕቶፑ ላይ ካርታ መሥራት ይችላል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ደግመው ደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች አሉ። እነሱን አንድ በአንድ እንያቸው።

2,000 ሜትር ላይ መስመር አስምሮ መተው

ወባ የቆላ በሽታ ነው ሲባል ሰምተን አድገናል። ስለዚህ ብዙ ሰው የከፍታ መረጃውን ይጭንና ከ2,000 ሜትር በላይ ያለውን ሁሉ ከስጋት ነፃ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1958 የተነሳውን ወረርሽኝ ማስታወስ ያስፈልጋል። ያኔ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። ክፉኛ ከተመታው አገር ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያለው ይገኝበታል።

ትንኝን የሚያግዳት ብርዱ እንጂ ከፍታው አይደለም። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ በትንኟ ሰውነት ውስጥ አድጎ ለመተላለፍ 25 ዲግሪ ላይ 12 ቀን ገደማ ይበቃዋል። 20 ዲግሪ ላይ 28 ቀን ይፈጅበታል። 18 ዲግሪ ላይ ወደ 55 ቀን ይደርሳል፤ ያን ያህል የምትቆይ ትንኝ ደግሞ ከስንት አንዷ ናት። ከ16 ዲግሪ በታች እድገቱ ይቆማል። ስለዚህ ሞቅ ያለ ዓመት ሲመጣ ወባም ሽቅብ ትወጣለች። በደብረ ዘይት አካባቢ የተሰበሰበ የዓመታት መረጃ ተመርምሮ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ያሳየውም ይህንኑ ነው።

ደጋ ላይ ደግሞ ሰው የመከላከል አቅም አላዳበረም። ወባ ከገባች ሕፃኑን ብቻ ሳይሆን ጎልማሳውንም ትጥላለች። ቋሚውን መስመር ተዉትና በየወሩ የሚለዋወጥ የሙቀት መረጃ አስገቡ። የሞዲስ ሳተላይት በ1 ኪሎ ሜትር ጥራት እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ያለውን ይሰጣችኋል።

ታማሚው የተመዘገበበትን ቦታ የተነከሰበት ቦታ ማድረግ

ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይህ ነው።

መተማን፣ ቋራንና ሁመራን አስቡ። በየዓመቱ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ እጅግ ብዙ ወጣት ከጎንደርና ከጎጃም ደጋ ወደዚያ ይወርዳል። ሜዳ ላይ ወይም ከሣር በተቀለሰ ዳስ ውስጥ ያድራል። አጎበር ቢኖረው እንኳ የሚሰቅልበት የለም። ሥራው ሲያልቅ ገንዘቡን ይዞ አገሩ ይገባል። ከዚያ ትኩሳቱ ይነሳበታል። ሄዶ የሚመረመረው ሰፈሩ ባለው ጤና ጣቢያ ነው፤ የሚመዘገበውም እዚያው።

ካርታ ሠሪው ይህን መዝገብ ሲያገኝ ደጋው ቀይ ይሆንበታል። ኮምፒውተሩ ደግሞ የተሰጠውን ያምናል። ብርድና ገደላማ አካባቢ ለወባ እንደሚመች ይማርና ተመሳሳይ ቦታዎችን ሁሉ ይቀባል። የእርሻው ሜዳ ግን ገርጥቶ ይቀራል፤ የታመሙት ሰዎች እዚያ የሉማ!

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። መዝገቡ ላይ አንድ ጥያቄ ይጨመር፦ «ባለፈው አንድ ወር ሌላ ቦታ አድረው ነበር? የት?» ዋናው ማደሩ ነው፤ የወባ ትንኝ በአብዛኛው የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነውና። መልሱ ካለ ከውጭ የመጣውንና እዚያው የተያዘውን ለይታችሁ ሁለት ካርታ ሥሩ። መልሱ ከሌለ ቢያንስ የጉልበት ሠራተኛ የሚመለስበትን ወር ለብቻው እዩት። በዚያ ወቅት ሕሙማኑ ወጣት ወንዶች ብቻ ከሆኑና እናቶችና ሕፃናት ከሌሉበት፣ ነገሩ ከሰፈሩ ውጭ የመጣ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል።

ቫይቫክስ የሚባለው ሌላው የወባ ተውሳክ ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ነው። ይህ ተውሳክ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ይችላል። ዛሬ የታመመው ሰው የተነከሰው አምና ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፋልሲፓረምንና ቫይቫክስን ደምሮ ካርታ ላይ ማስቀመጥ ሁለቱንም ማበላሸት ነው።

ባዶውን ዜሮ ማድረግ

የኤክሴል ሰንጠረዡ ላይ የአንድ ጤና ኬላ ሦስት ሳምንት ባዶ ነው። መመርመሪያው አልቆ ይሆናል። መንገድ ተዘግቶ ወይም ኔትወርክ ጠፍቶም ይሆናል። ባዶውን በዜሮ ሞልቶ ማለፍ ግን «እዚህ ወባ የለም» ብሎ መፈረም ነው። ብዙ ጊዜ ሪፖርት የሚቋረጠው ችግሩ በበረታበት ቦታ ነው። ያልታወቀውን ግራጫ ቀቡት፤ ምን ያህል ሰው እንደተመረመረም ጎን ለጎን አሳዩ።

ቀን መቁጠሪያ ማምታታት

የጤና ተቋማት ወርኃዊ ሪፖርት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ሳተላይቱ የሚቆጥረው በአውሮፓ ነው። የእኛ መስከረም አብዛኛውን ጊዜ ከሴፕቴምበር 11 እስከ ኦክቶበር 10 ያለው ነው። መስከረምን ሴፕቴምበር ብሎ ያስገባ ሰው መረጃውን በ10 ቀን አንሸራቶታል። የዓመቱ ደግሞ ይብሳል፤ 2016 ዓ.ም.ን ከአውሮፓው 2016 ዝናብ ጋር ያጋጠመ ሰው ምንም ትርጉም የሌለው ውጤት ያገኛል፤ ካርታው ግን ያምራል። የጳጉሜን ሕሙማን የትኛው ወር ውስጥ እንደገቡም መረጃውን ከሰጣችሁ ሰው ጠይቁ።

ዘንቧል፣ ስለዚህ ወባ አለ ማለት

ዝናብና ወባ እኩል አይመጡም። ክረምቱ ሐምሌና ነሐሴ ይከብዳል፤ ዋናው የወባ ወቅት ግን ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ውሃው እስኪያቁር፣ እጩ አድጎ ትንኝ እስኪሆን፣ ተውሳኩም እስኪበስል ሳምንታት ያልፋሉ። ከባድ ዝናብ እንዲያውም እጩን ጠርጎ ይወስደዋል።

መስከረም ላይ ወንዝ ዳር ውረዱና እዩ። ወንዙ ጎድሎ አሸዋው ላይ ትንንሽ ኩሬ ጥሎ ሄዷል። ከብቶች ውሃ ሊጠጡ ሲወርዱ የረገጡት ጭቃ በኮቴያቸው ልክ ጎድጉዶ ውሃ ይዟል። ፀሐይ ያገኘው እንዲህ ያለ ጥልቀት የሌለው ውሃ ለአኖፌለስ አረቢየንሲስ፣ ማለትም ለአገራችን ዋናዋ የወባ ትንኝ፣ ምቹ ነው። የአንድ ኮቴ ውሃ ሳተላይት ላይ አይታይም። ስለዚህ የወሩን ሕሙማን ካለፉት ሁለትና ሦስት ወራት ዝናብ ጋር አያይዙት፤ የወንዝ ዳርቻ ርቀትንም ጨምሩበት። ክረምት ላይ ደመና ስለሚጋርድ መደበኛው ምስል ባዶ ይሆናል። ደመናን አልፎ የሚያየውን የሴንቲኔል 1 ሳተላይት ራዳር ተጠቀሙ።

ወረዳን በአንድ ቀለም መቀባት

ደጀን ከተማ ደጋ ላይ ናት። ከዚያ ተነስቶ ዓባይ ድልድይ ድረስ የሚወርድ ሰው ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይሄዳል። ላይ ጋቢ፣ ታች ላብ። የእንዲህ ያለውን ወረዳ አማካይ ሙቀት አውጥቶ አንድ ቀለም መስጠት በየትኛውም ቀበሌ የሌለ አየር መፍጠር ነው። አማካዩ የሚሰላ ከሆነም ሰው በሚኖርበት ቦታ ይሰላ። ገደሉ ላይ የሚያድር የለም።

በተቃራኒውም ማጋነን አለ። ቺርፕስ የሚባለው የዝናብ መረጃ አንዱ ነጥብ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከእሱ ተነስቶ ይህ ጎጥ ቀይ፣ ያኛው አረንጓዴ ማለት አይቻልም።

የሕሙማን ቁጥር ብቻም አይቀመጥ፤ በሕዝብ ብዛት ይካፈል። የመጨረሻው ሕዝብ ቆጠራ የተደረገው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ የየትኛውን ትንበያ እንደተጠቀማችሁ ጻፉ። ወረዳዎች ስለሚከፈሉም የድንበሩ ፋይል የየትኛው ዓመት እንደሆነ አረጋግጡ።

ሰው የሠራውን ውሃ መርሳት

በትግራይ ከ1,800 ሜትር በላይ በሚገኙ ትንንሽ ግድቦች ዙሪያ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት አለ። ከግድቡ 3 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ርቀት የሚኖሩ ሕፃናት ራቅ ብለው ከሚኖሩት 7 እጥፍ በወባ ይያዙ ነበር። ግድብና መስኖ በየዓመቱ ይጨምራሉ፤ የውሃ ሽፋን መረጃችሁ ግን የቆየ ሊሆን ይችላል።

አሁን ደግሞ ከተማ ውስጥ የምትራባ የወባ ትንኝ መጥታለች። አኖፌለስ ስቴፈንሳይ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ታየች፣ በ2016 ቀብሪደሃር ተገኘች። የምትራባው በሮቶ፣ በበርሜልና ለግንባታ በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ነው። ክረምት አትጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ በበጋ የተነሳው ወረርሽኝ ከእሷ ጋር ተያይዟል። በዝናብና በአረንጓዴ ሽፋን ብቻ የተሠራ ካርታ ድሬዳዋን በዚያ ወቅት ከስጋት ነፃ ነበር የሚላት። ለእንዲህ ያለ ከተማ የሚያስፈልገው መረጃ ቧንቧ ስንት ቀን እንደሚጠፋና ግንባታ የት እንዳለ ነው።

ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 የዴንጊ፣ በ2019 የቺኩንጉንያ ትኩሳት ገብቶባታል። እነዚህን የምታስተላልፈው ኤዴስ የምትባል ሌላ ትንኝ ናት፤ የምትነክሰውም ቀን ነው። የወባውን ካርታ ስሙን ቀይሮ ለዴንጊ መጠቀም አይሆንም።

ሳይፈትኑ ማተም

የመጨረሻውን ዓመት የሕሙማን መረጃ ደብቁ። በቀረው ካርታውን ሥሩና ከደበቃችሁት ጋር አስተያዩ። በአማራ ክልል ኤፒዴሚያ የተባለው ፕሮጀክት የሳተላይት መረጃንና የየሳምንቱን የወባ ሪፖርት አጣምሮ ለወረዳዎች ትንበያ ሲያወጣ እንደነበረው፣ ትንበያውን ከሚመጣው ሪፖርት ጋር ማነጻጸር የሥራው አካል ይሁን።

ከዚያ ካርታውን አትማችሁ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አሳዩአት። የቱ ጎጥ በየዓመቱ ቀድሞ እንደሚታመም ታውቃለች። እሷ በጣቷ ያሳየችው ቦታ ካርታው ላይ አረንጓዴ ከሆነ፣ ለርጭት ከመላኩ በፊት ለምን እንደተለያያችሁ አጣሩ።