የባሌስትራ ስብራትን መንስኤ መለየት፦ በጎጃም መንገዶች ከባድ ሸክም ለሚሸከሙ መኪኖች

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ መኪና በአንድ ጉዞ ሁለት ተቃራኒ ጫናዎችን ይሸከማል። በቁልቁለቱ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ክብደቱ ወደ ፊት ባሌስትራዎች (ከተደራረቡ የብረት ንጣፎች ወደተሠሩት፣ ሸክሙን ወደሚሸከሙት ሞላዎች) ይገፋል፤ በዳገቱ ደግሞ ሸክሙ ወደ ኋላ ያጋድላል፣ ከሞተር የሚመጣው ጉልበትም የኋላውን አክስል፣ ማለትም የግራና የቀኝ ጎማዎችን የሚያገናኘውን የብረት ዘንግ፣ በቦታው ለማጠማዘዝ ይታገላል። የሸለቆው መሬት ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየጊዜው ይሰነጠቃል፣ ይሰምጣልም፤ መኪናውም በጎን ጭምር ይናጣል። ባሌስትራው ተሰብሮ ደጀን ወይም ደብረ ማርቆስ የደረሰ መኪና ታዲያ አብዛኛውን ጊዜ የሚስተናገደው በአንድ መንገድ ነው፤ የተሰበረው ንጣፍ ይወጣል፣ ሌላ ይገባል፣ መኪናው ይሄዳል። ብዙም ሳይቆይ ያው ንጣፍ በዚያው ቦታ ይሰበራል። የተሰበረው ዕቃ የመጨረሻው ተጎጂ ስለሆነ እሱን መለወጥ ብቻውን አይበቃም፤ ከእሱ በፊት የላላውን፣ ያለቀውን ወይም የተፈናቀለውን ማግኘት ያስፈልጋል።

እዚህ የሚታሰቡት ሁለት ዓይነት መኪኖች ናቸው፤ አንደኛው ከብቸና፣ ከሞጣና ከቡሬ እህል የሚያጓጉዘው አይሱዙ ሲሆን፣ ሁለተኛው የመኝታና የማብሰያ ክፍል በጀርባው ተጭኖበት ወደ ጣና የሚጓዘው ፒክአፕ፣ ማለትም ካምፐር ነው። የባሌስትራቸው አሠራር ተመሳሳይ ቢሆንም የሸክማቸው ጠባይ ይለያያል። አይሱዙው እህሉን ሲያራግፍ ባሌስትራው ያርፋል፤ ካምፐሩ ግን ቆሞም ሆነ እየሄደ ሸክሙን አያወርድም፤ ቁመቱም ከፍ ያለ ስለሆነ በጠመዝማዛ መንገድ አንዱን ጎን አብዝቶ ይጫናል።

ምርመራው ሸክሙ ሳይራገፍ፣ ደልዳላ መሬት ላይ ይጀመር። ጎማዎቹ በታኮ ይያዙ፤ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር መግባት ፈጽሞ አይገባም። ሜትር፣ ባትሪ፣ ጠመኔና የብረት መፈንቀያ ለመጀመሪያው ምርመራ ይበቃሉ። ከዚያ በፊት ግን የመኪናው ሥር በደንብ ይታጠብ። በቡሎንና በብረት መካከል መፋተግ ሲኖር ቀይ የዝገት ዱቄት ይወጣል፤ ይህም የላላ ዕቃን ከሚያጋልጡ ምልክቶች ሁሉ የላቀው ነው። በመራዊና በእንጅባራ አካባቢ ያለው አፈር ግን ራሱ ቀይ ስለሆነ ዝገትና አቧራ ይምታታሉ። ብቸና በኩል የሚሠራ መካኒክ፣ ምድሩ ጥቁር ዋልካ ስለሆነ፣ ይህ ችግር የለበትም። ቀይ አፈር ባለበት አገር መኪናውን አጥቦ፣ በአስፋልት ጥቂት አስሂዶ እንደገና ማየት ያስፈልጋል፤ ከታጠበ በኋላ ከዳዶ ሥር እየፈሰሰ የሚመስል ቀይ መስመር ከታየ እሱ አፈር ሊሆን አይችልም።

ቀጥሎ በአራቱም ጎማዎች ላይ፣ ከጎማው መሐል እስከ አካሉ ጠርዝ ያለው ቁመት ይለካ። መኪናው ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ጥፋቱ ከፊት ይሁን ከኋላ በዓይን ብቻ አይለይም፤ የኋላው የደከመ ባሌስትራ ፊቱንም አብሮ ሊያዘነብለው ይችላልና። መለያው ቀላል ነው። ክሪኩ በሻንሲው (አካሉን በተሸከመው የመኪናው የብረት አጽም) የፊት መስቀለኛ ብረት ልክ መሐል ላይ ገብቶ የፊቱ ክብደት ከባሌስትራዎቹ ላይ እስኪነሣ በጥንቃቄ ከፍ ይደረግ። በዚህ ጊዜ ማዘንበሉ ከቀረ ጥፋቱ ፊት ነው፤ ካልቀረ ኋላ ነው። ማዘንበሉ ከጭነት አደራደር የመጣ እንዳይሆንም ይታሰብ። ካምፐር ውስጥ የውኃ ታንከሩ፣ ባትሪዎቹና ምድጃው በአንድ ጎን ከተደረደሩ አዲስ ባሌስትራ ቢገባም መኪናው ያዘነብላል።

ከዚያ አክስሉ በቦታው መሆኑ ይረጋገጥ። ከባሌስትራው የፊት ማሰሪያ ቡሎን እስከ አክስሉ መሐል ያለው ርቀት በግራና በቀኝ ሲለካ እኩል ካልሆነ አክስሉ ተንሸራቷል ማለት ነው። በክረምት ደግሞ ያለ ሜትርም ይታያል፤ በእርጥብ መሬት ላይ ቀጥ ብሎ የሄደ መኪና የኋላ ጎማው የፊቱን ዱካ በሁለቱም ጎን በእኩል መከተል ሲገባው፣ በአንድ ጎን ወጣ ብሎ ከተገኘ አክስሉ ተጣሟል። የዚህ ዋና ምክንያት የሴንተር ቦልት መቆረጥ ነው። ሴንተር ቦልት ንጣፎቹን በወገባቸው አንድ ላይ የሚይዝ፣ ራሱም በአክስሉ መቀመጫ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቡሎን ነው። ሸክሙን እንዲይዝ ግን አልተሠራም፤ ሸክሙን የሚይዙት ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት፣ እንደ እንግሊዝኛው U የታጠፉት ዩ ቦልቶች ናቸው። ስለዚህ ሴንተር ቦልት በተቆረጠ ቁጥር መጠርጠር ያለበት የዩ ቦልቶቹ መላላት ነው።

ስብራቱ ራሱም ብዙ ይናገራል። የወጣውን ንጣፍ ወደ ቁርጥራጭ ብረት ከመጣል በፊት የተሰበረው ፊት ይታይ። ንጣፉ በሴንተር ቦልቱ ቀዳዳ ላይ ከተሰበረ ዩ ቦልቱ ላልቶ ነበር ማለት ነው፤ በደንብ የታሰረ ወገብ አይታጠፍምና፣ የማይታጠፍ ብረት ደግሞ በዚያ ቦታ አይደክምም። ከዩ ቦልቱ ውጭ፣ ከመታሰሪያው ጠርዝ አጠገብ ከተሰበረ ግን ጥርጣሬው ወደ ጭነት ብዛት ይሄዳል። የላይኛው ዋና ንጣፍ ወደ ጫፉ ተሰብሮ ሌሎቹ ደኅና ከሆኑ፣ ንጣፎቹን አቅፈው የሚይዙት ቅንፎች መውደቃቸው ወይም የባሌስትራውን መናጥ የሚያበርደው ሾክ አብዞርበር መድከሙ ይመርመር፤ መኪናው ከጉድጓድ ወጥቶ ሲነሣ ዋናው ንጣፍ ብቻውን ስለሚጎተት የሚሰበረው በመውረድ ሳይሆን በመመለስ ነው። የስብራቱ ቀለምም ልብ ይባል። ጠቆር ያለና የዛገ ክፍል ካለው ስንጥቁ ለረጅም ጊዜ የቆየ ነው፤ ሙሉው አንጸባራቂና እንደ ስኳር ፍርፍር ያለ ከሆነ ግን በአንድ ኃይለኛ ምት የተሰበረ ነው። ብዙ ሹፌሮች «አሁን ጉድጓዱ ሰበረው» የሚሉት ስብራት ሲታይ ግማሹ የቆየ ዝገት ሆኖ ይገኛል፤ ጉድጓዱ የጨረሰው እንጂ የጀመረው አይደለም።

ድምፅን በተመለከተ፣ መኪናው ሲነሣና ፍሬን ሲይዝ አንድ ጊዜ የሚያንኳኳ ከሆነ የባሌስትራው ጫፍ ቡሽ (በጫፉ ቡሎን ዙሪያ የሚገባው ቀለበት) አልቋል ወይም ዩ ቦልቱ ላልቷል። በእያንዳንዱ ጎርበጥባጣ የሚያንኳኳ ከሆነ የሾክ አብዞርበሩ ማሰሪያ ይታይ። ቡሹን ለመፈተሽ መፈንቀያውን በባሌስትራው ጫፍና በማሰሪያው መካከል አስገብቶ መጫን ነው፤ ብረት ብረት ላይ ሲመታ ከታየ ቡሹ ይለወጣል። ግራሶ የሚጠጣ ፔርኖ (የባሌስትራውን ጫፍ የሚይዝ ወፍራም ፒን) ያላቸው መኪኖች ላይ ግራሶው በአንድ ጎን ብቻ የሚወጣ ከሆነ መተላለፊያው ተደፍኗልና ፔርኖው ወጥቶ ይጽዳ።

ሾክ አብዞርበር ዘይት ካፈሰሰ ጉዳዩ ግልጽ ነው። ሳያፈስ የደከመውን ለማወቅ ግን መኪናው ጥቂት ኪሎ ሜትር በኮረኮንች ከሄደ በኋላ ወዲያው አራቱም በእጅ ይዳሰሱ፤ የሚሠራው ይሞቃል፣ የማይሠራው ከጓደኛው ይልቅ ቀዝቃዛ ይሆናል። የጭስ ማውጫው አጠገብ ያለው ስለሚያሳስት ይለይ። የጎማው ፊት በየቦታው ጎድጎድ እያለ መበላቱም የደከመ ሾክ ምልክት ነው።

ካምፐር ላይ ለሻንሲው ልዩ ትኩረት ይሰጥ። የባሌስትራው ማንጠልጠያዎች የተጠበቁባቸው ሪቬቶች ዙሪያ ቀለሙ ከተሰነጠቀ፣ ወይም አክስሉ ሻንሲውን እንዳይመታ የሚከለክለው ላስቲክ ተፈግፍጎ ካበራ፣ ባሌስትራው እስከ መጨረሻው እየወረደ ነው። ለዚህ በተለምዶ የሚሰጠው መፍትሔ የአየር ከረጢት መጨመር ነው፤ ከረጢቱ መኪናውን ከፍ ያደርጋል፣ ነገር ግን በባሌስትራው ሁለት ጫፎች ተከፋፍሎ ይደርስ የነበረውን ጫና በሻንሲው ላይ ወደ አንድ ነጥብ ይሰበስበዋል። ሻንሲውም በዚያ ነጥብ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከዚህ ይልቅ ካምፐሩን መመዘንና የክብደቱ ማዕከል ከኋላ አክስል ወደ ፊት መሆኑን ማረጋገጥ ይቀድማል።

በአይሱዙ በኩል የዚህ ወንድም ንጣፍ ማስጨመር ነው። ንጣፍ ሲጨመር አክስሉ፣ ፍሬኑና ቸርኬው አብረው አይጠነክሩም፤ ባሌስትራው እምቢ ያለውን ሸክም ማንጠልጠያውና ሻንሲው ይቀበሉታል። በዚያ ላይ ወገቡ ሲወፍር የድሮው ዩ ቦልት ያጥራል፣ ዳዶውም ጥርሱን ሙሉ በሙሉ ሳይዝ ይጠበቃል፤ ስለዚህ ማስጨመር ግድ ከሆነ ረዘም ያለ አዲስ ዩ ቦልት አብሮ ይገዛ። የተሰበረ ንጣፍን መበየድ ግን በምንም ሁኔታ አይደገፍም፤ የብየዳው ሙቀት የብረቱን ጥንካሬ ስለሚያጠፋ ከብየዳው አጠገብ መልሶ ይሰበራል።

ስብራቱ መንገድ ላይ ከደረሰ ከፊትና ከኋላ መለየት ያስፈልጋል። የፊት ዋና ንጣፍ ከተሰበረ አክስሉ ሊንሸራተትና መሪው ሊዛባ ስለሚችል መኪናው አይነዳ፤ በተለይ ወደ ዓባይ አይውረድ። ከኋላ አንድ ተራ ንጣፍ ከተሰበረ ሸክሙ ተቀንሶ፣ በዝግታ እስከሚቀርበው ጋራዥ መድረስ ይቻላል።

ጥገናው ሲጠናቀቅ ሁለቱም ዩ ቦልቶች በአዲስ ይተኩ፤ አንድ ጊዜ ተጠብቆ የተሳበ ዩ ቦልት እንደገና በቂ ጉልበት አይይዝም። ዳዶዎቹ በመስቀለኛ ቅደም ተከተል፣ ጥቂት ጥቂት እየተባለ፣ የመኪናው ፋብሪካ በሚያዘው ልክ ይጠበቁ። የላስቲክ ቡሽ ያላቸው የጫፍ ቡሎኖች ግን መኪናው በጎማው ቆሞ ክብደቱ ባሌስትራው ላይ ካረፈ በኋላ ነው የሚጠበቁት፤ በክሪክ እንደተነሣ ከተጠበቁ ላስቲኩ ተጠማዝዞ ቶሎ ይቀደዳል። ንጣፎቹ እርስ በርሳቸው እየተስማሙ ሲቀመጡ ወገቡ ጥቂት ስለሚሳሳ ከ500 እስከ 1000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ውስጥ ሸክም እንደያዘ ዩ ቦልቱ እንደገና ይጥበቅ። ከጥገናው በኋላ በዳዶውና በዩ ቦልቱ ላይ አንድ የጠመኔ ወይም የቀለም መስመር ቢሰመር፣ ሹፌሩ በየማረፊያው ጎንበስ ብሎ መስመሩ መዛነፉን በማየት መፍቻ ሳያነሣ መላላቱን ያውቃል።