ኦቲዝም ያለበትን ልጅ በሰፈር የመንግሥት ትምህርት ቤት እንዴት እናስተምር? ለሰሜን ሸዋ ወላጆች

ደብረ ብርሃን ላይ ኦቲዝም ያለበት ልጅ የምታሳድግ እናት ስታገኙ፣ ከሰላምታ ቀጥሎ የምትጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። "አዲስ አበባ የሚቀበለው ቦታ ታውቃላችሁ?" አይፈረድባትም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የከፈቱት የጆይ ኦቲዝም ማዕከልም ሆነ ነህምያ የተባለው ሌላው የኦቲዝም ማዕከል ያሉት እዚያው አዲስ አበባ ነው። ወረፋው ረጅም ነው። 130 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ሥራ ትቶ ልጅ ማስተማር ደግሞ ለስንቱ ይሆናል?

እኔ የምለው፣ መጀመሪያ አጠገባችሁ ያለውን የመንግሥት ትምህርት ቤት ሞክሩት። ምንም አይጎድለውም ማለቴ አይደለም። አንድ ክፍል ውስጥ 60 እና 70 ልጅ የሚታጨቅበት ጊዜ አለ። ግን ልጁ የሚያድገው እዚሁ ሰፈር ነው፤ ነገ የሚያውቁት ልጆችም እዚሁ ናቸው። ትምህርት ቤቱ ሊያደርግለት ከሚችለው ውስጥ ደግሞ አብዛኛው ገንዘብ አይፈልግም። ቁጭ ብሎ መነጋገርን ነው የሚፈልገው።

1. ከሁሉ በፊት ጆሮውን አስዩ

ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል ልጅ ሁሉ ኦቲዝም አለበት ማለት አይደለም። የመስማት ችግር ሊሆን ይችላል። ሁለቱም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ደብረ ብርሃን ሐኪም ግዛው ሆስፒታል ወይም ለእናንተ በሚቀርበው ሆስፒታል ጆሮውን አስመርምሩ፤ እግረ መንገዳችሁን ስለ ኦቲዝሙም ጠይቁ።

"ኦቲዝም ያለበት ልጅ ዓይን ለዓይን አያይም" ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን ልጅ ትልቅ ሰው ፊት አንገቱን ሲደፋ ጨዋ ነው የሚባለው። ስለዚህ ምልክቱ ሳይታወቅ ያልፋል፤ ዝምተኛ ሴት ልጆች ላይ ደግሞ ይብሳል። ይልቅ ሌላ ሌላውን እዩ። የሚፈልገውን ነገር በጣቱ ያሳያል? ከልጆች ጋር ዕቃ ዕቃ ይጫወታል? "ውሃ ትፈልጋለህ?" ስትሉት "አዎ" በማለት ፈንታ "ውሃ ትፈልጋለህ" ብሎ ይደግመዋል?

ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል መሄድ የፈለገ ይሂድ። ሁለት ነገር ብቻ ላንሳ። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ላይ የሚጥል በሽታ ከሌሎች ልጆች በበለጠ ይታያል። መድኃኒት የጀመረ ልጅ ጠበል ገባ ተብሎ በድንገት አይቋረጥበት፤ አደጋ አለው። ሌላው፣ ከመስከረም ጋር እንዳይጋጭ ክረምቱ ውስጥ አድርጉት። የዓመቱ የመጀመሪያ ሳምንታት ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ከባዶቹም ወሳኞቹም ናቸው።

የሐኪም ወረቀት እስኪመጣ ብላችሁ ምዝገባ አታሳልፉ። ወረቀቱ በደንብ የሚጠቅማችሁ በኋላ፣ ፈተና ሲመጣ ነው።

2. ምን ዓይነት ድጋፍ እንዳለ ጠይቁ

በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሦስት ዓይነት አሠራር ታገኛላችሁ። አንደኛው አካቶ የሚባለው ነው፤ ልጁ ከእኩዮቹ ጋር መደበኛ ክፍል ይቀመጣል፣ ድጋፉ እዚያው ይደረግለታል። ሁለተኛው በመደበኛው ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ያለ ልዩ ክፍል ነው። ሦስተኛው ድጋፍ መስጫ ማዕከል ነው፤ በአንድ ትምህርት ቤት ተቋቁሞ በጉድኝቱ (ማለትም አብረው እንዲሠሩ በተቧደኑ ተቀራራቢ ትምህርት ቤቶች) ያሉትን ሌሎች ትምህርት ቤቶች የሚያግዝ፣ የልዩ ፍላጎት መምህርና መርጃ መሣሪያ ያለው።

የትኛው የት እንዳለ የሚያውቁት የወረዳችሁ ወይም የከተማችሁ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰዎች ናቸው። የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ጉዳይ የሚከታተለውን ባለሙያ ጠይቃችሁ ግቡና "በእኛ ጉድኝት የልዩ ፍላጎት መምህር ያለው የትኛው ትምህርት ቤት ነው?" በሉ። ጥያቄው አጭር ይሁን፤ መልሱን ጻፉት።

ልዩ ክፍል ከተባላችሁ ሳታዩት እሺ አትበሉ። ብዙዎቹ ልዩ ክፍሎች የተከፈቱት መስማት ለተሳናቸው ወይም የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ልጆች ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ሲመጣ እዚያው ይጨመራል። ለአንዳንዱ ልጅ ይስማማዋል። ፊደል ለቅሞ የጨረሰ፣ ቁጥር የሚወድ ልጅ ግን ቀኑን ሙሉ ቁልፍ መቆለፍ ሲለማመድ ከዋለ ይሰለቻል፤ ሲሰለች ደግሞ ይረብሻል። ግማሽ ቀን ልዩ ክፍል፣ ግማሽ ቀን መደበኛ ክፍል ይሁንልን ብሎ መጠየቅም ይቻላል።

ገጠር ለምትኖሩ፣ ሚዳም ሆነ መንዝ፣ ርቀቱ ራሱ ውሳኔ ነው። ልጁ በእግሩ ሰዓት ተኩል ተጉዞ ከሚደርስበት ልዩ ክፍል ይልቅ፣ ባለሙያ የሌለው ግን ቀና መምህር ያለበት የቅርብ ትምህርት ቤት ይሻላል ባይ ነኝ።

3. "እኛ ጋ ባለሙያ የለም" ሲሏችሁ

ይሏችኋል። ብዙ ጊዜም በክፋት አይደለም፤ ፈርተው ነው። ስለዚህ ክርክር ይዛችሁ አትግቡ። መስከረም ላይ ሰልፉ መሀል ሳይሆን ነሐሴ ውስጥ፣ ርዕሰ መምህሩ ረጋ ባሉበት ሰዓት ሂዱ። ልጁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ያዩት ልጅ በወሬ ከሰሙት ልጅ ያነሰ ያስፈራቸዋል።

መብቱን ግን እወቁት። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 24 አካል ጉዳተኛ ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከአጠቃላይ ትምህርት እንዳይገለል ይላል። የትምህርት ሚኒስቴር የመጀመሪያው የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂም ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። ይህን ሁሉ ርዕሰ መምህሩ ፊት መዘርዘር አያስፈልግም። "ባለሙያ ባይኖርም ግድ የለም፣ እኛ እናግዛለን፤ ይመዝገብልንና እንሞክረው" በሉ። እምቢ ካሉ በትሕትና "እንግዲያው አልቀበልም ያላችሁበትን ምክንያት በጽሑፍ ስጡኝ፣ ለወረዳ ላሳይ" በሉ። በጽሑፍ ስጡኝ የሚለው ነገር ብዙ በር ይከፍታል።

4. አንዲት ገጽ ጻፉ

ከሁሉ በላይ የምመክረው ይህን ነው። ከደብተር አንድ ቅጠል ገንጥላችሁ ስለ ልጃችሁ ጻፉ። ስለ ኦቲዝም ሳይሆን ስለ እሱ። መምህርቷ ስለ ኦቲዝም ሥልጠና ላታገኝ ትችላለች፤ ስለ ልጃችሁ ግን ከእናንተ በላይ የሚያሠለጥናት የለም። ለምሳሌ እንዲህ፦

"ሽንት ሲመጣበት አይናገርም፤ ሱሪውን ይጎትታል። ጆሮውን በእጁ ከያዘ ድምፅ በዝቶበታል ማለት ነው። 'ና፣ ቁጭ በል፣ ደብተርህን አውጣ' ቢባል ግራ ይገባዋል፤ አንድ አንድ ነገር ንገሩት። ከኋላ ሲነኩት ይደነግጣል። መኪና ሥዕል ይወዳል። ሲናደድ አታናግሩት፤ ጥግ ላይ ለብቻው ትንሽ ከተቀመጠ ይመለሳል። ቆሎ እንጂ ዳቦ አይበላም።"

የብርዱንም ነገር ጨምሩበት። ደብረ ብርሃን ጠዋት ላይ ሹራብ ሳይለብስ የሚሄድ ልጅ የለም። አንዳንዱ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ደግሞ የሚኮሰኩስ ሹራብ ቆዳው ላይ እንደ እሳት ይሰማዋል። ቀኑን ሙሉ ሲያወልቅና ሲጥል ይውልና "ባለጌ" ይባላል። ከሥር ለስላሳ የጥጥ ልብስ አድርጉለት፤ ካልሆነም ለሹራቡ ፈቃድ ጠይቁለት።

ወረቀቷን ኮፒ አድርጉና አንድ ለክፍል ኃላፊ መምህርቷ፣ አንድ ለርዕሰ መምህሩ ስጡ። የበሩን ዘበኛ ደግሞ እንዳትረሱ። እንዲያውም እሳቸውን አስቀድሙ። እነዚህ ልጆች ሳይታሰብ ውልቅ ብለው መሄድ ያዘወትራሉ፤ የደሴ አስፋልት ደግሞ ደብረ ብርሃንን፣ ደብረ ሲናን፣ ሸዋ ሮቢትን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። "አባባ፣ ይህ ልጅ ብቻውን ከወጣ አያሳልፉት፤ ስሙን ቢጠሩት ላይዞር ይችላል፣ እጁን ይያዙት" ብላችሁ ልጁን በአካል አስተዋውቋቸው። የስልክ ቁጥራችሁንም ስጧቸው።

5. ከመምህርቷ ሦስት ነገር ብቻ ጠይቁ

የ60 ልጅ መምህርት ላይ አሥር ጥያቄ ከቆለላችሁ አንዱም አይሠራም። ሦስት ምረጡ። የትኞቹን እንደምትመርጡ ልጁ ይወስናል፤ እኔ ግን ከሚከተሉት ውስጥ ቢሆን እላለሁ።

የመቀመጫ ቦታው አይቀየር። ከፊት ወይም ከግድግዳው በኩል፣ ከመስኮትና ከበር ራቅ ብሎ፣ አጠገቡ ረጋ ያለ ልጅ ይቀመጥ። ያ ልጅ ለእረፍት ሲወጡም አብሮት ቢሆን ጥሩ ነው፤ ግን ሞግዚት እንዳታደርጉት፣ ተራ ይለዋወጡ።

የቀኑ ፕሮግራም ይታየው። ጠዋት ሰሌዳው ጥግ ላይ በቅደም ተከተል ትናንሽ ሥዕል መሣል በቂ ነው። መጽሐፍ፣ ቁጥር፣ ኳስ፣ ቤት። ያለቀው ይጠፋል። ይህ ለአንደኛ ክፍል ልጆች በሙሉ ይጠቅማል፤ መምህርቷ ለአንድ ልጅ ብላ የምትደክመው ድካም አይደለም። ፕሮግራም ሲቀየር ደግሞ አስቀድማ ትንገረው።

ደወሉ። በየትምህርት ቤቱ የሚደወለው ቸርኬ ለእኛም ጆሮ ይበጥሳል። ከመደወሉ በፊት "አሁን ይደወላል" ቢባል፣ ወይም ጆሮውን እንዲይዝ ቢፈቀድለት ብዙ ጩኸት ይቀራል። የጠዋቱ የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍም እንዲሁ ነው። መሀል ከመቆም ይልቅ ዳር፣ መምህርቷ አጠገብ ይቁም።

ዱላን በተመለከተ ድርድር የለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው በግልጽ ይደነግጋል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ደግሞ ለምን እንደተመታ እንኳ አይገባውም፤ የሚማረው መምህሩን መፍራት ብቻ ነው።

6. ዕቅዱ በጽሑፍ ይሁን

ባለሙያዎቹ የግል የትምህርት ዕቅድ ይሉታል። የልዩ ፍላጎት መምህር ካለ እሱ ያዘጋጀዋል። ከሌለ ከክፍል ኃላፊዋ ጋር ሆናችሁ ግማሽ ገጽ ጻፉ። ለአንድ መንፈቀ ዓመት ሁለት ወይም ሦስት ግብ ይበቃል። "ይሻሻላል" የሚል ግብ አይሠራም። "እስከ ጥር ድረስ ሽንት ቤት ሲፈልግ የሥዕል ካርዱን ለመምህርቷ ይሰጣል" የሚል ይሠራል፤ ሆነ ወይም አልሆነ ይባላላ። መምህርቷም፣ ርዕሰ መምህሩም፣ እናንተም ፈርሙበት። ጥር ላይ ተገናኝታችሁ እዩት።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ልጁ ምንም ሳይማር በዝምታ ከክፍል ወደ ክፍል የሚዛወርበት ጊዜ አለ። ሁሉም ሰው በደግነት ነው የሚያደርገው። አራተኛ ክፍል ላይ ስሙን እንኳ አይጽፍም። ሰርተፊኬቱን ትታችሁ ደብተሩን እዩ።

የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተና ያለበት ዓመት ከሆነ፣ ገና መስከረም ላይ ተጨማሪ ሰዓት፣ የተለየ ክፍል ወይም ጥያቄ የሚያነብለት ሰው እንዲፈቀድ በትምህርት ቤቱ በኩል ጠይቁ። የሐኪሙ ወረቀት የሚወጣው እዚህ ላይ ነው።

7. "መጥተሽ ውሰጂው" የሚለው ስልክ

ልጁ ባለቀሰ ቁጥር እናት ትጠራለች። እንጀራ የምትጋግረው፣ ጉሊት የምትቸረችረው እናት በሳምንት ሦስት ቀን ሥራዋን ጥላ ትሮጣለች። ልጁም ጮኸ ማለት ቤት መሄድ ነው ብሎ ይለምዳል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ተስማሙ፤ ከታመመ፣ ራሱን ወይም ሌላ ልጅ ከጎዳ ይደወል። ካለቀሰ ግን ጥግ ላይ አረፍ ይበል፣ ከዚያ ይመለስ። ምን እንደሆነ በአንዲት ትንሽ ደብተር ይጻፍ፤ መቼ፣ ከምን በኋላ፣ ምን ተደርጎለት ዝም አለ። ሁለት ሳምንት ከተጻፈ መነሻው ብዙ ጊዜ ይታወቃል። ረሃብ ሊሆን ይችላል፣ የስፖርት ፊሽካ ሊሆን ይችላል።

ነገሩ ካልተስተካከለ በቅደም ተከተል ሂዱ፤ ክፍል ኃላፊ፣ ርዕሰ መምህር፣ ወላጅ መምህር ኅብረት፣ ወረዳ፣ ከዚያ ዞን። ኅብረቱን አትናቁት። ከትምህርት ቤቱ በጀት ላይ ለልዩ ፍላጎት ተማሪዎች ምን ተመደበ ብሎ የመጠየቅ ቦታው እዚያ ነው፤ ሌሎች ወላጆችም ጉዳዩን የሚሰሙት እዚያ ነው።

8. ትምህርት ሲቋረጥና ዓመቱ ሲያልቅ

እዚህ አካባቢ ትምህርት በክረምት ብቻ አይደለም የሚዘጋው። መንገድ ይዘጋል፣ ሰላም ይጠፋል፣ ትምህርት ቤቱ ለሳምንታት ዝም ይላል። ልጁ ያንን ሁሉ አይረዳም፤ የሚያውቀው ቀኑ መፍረሱን ነው። ቤት ውስጥ በዚያው ሰዓት፣ ቦርሳውን ይዞ፣ ለጥቂት ደቂቃ ይቀመጥ። ሲከፈት የመጀመሪያዎቹን ቀናት ግማሽ ቀን እንዲማር ጠይቁ።

ሰኔ ላይ የአሁኗ መምህርትና የሚቀጥለው ዓመት መምህር ፊት ለፊት ተገናኝተው እንዲነጋገሩ አድርጉ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዘበኛውን አስፈቅዳችሁ ልጁን አዲሱን ክፍል አሳዩት፤ ሽንት ቤቱ ከዚያ በየት በኩል እንደሆነም አብራችሁት ሂዱ። ገጿን እንደገና ጻፏት፤ አምና የፈራውን ዘንድሮ ላይፈራው ይችላል። የድሮዋ መምህርት ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ከተዛወረች ደግሞ ሳትሄድ ስልኳን ተቀበሏት፤ አዲሱ መምህር ጥቅምት ላይ ሊደውልላት ይፈልጋል።