ሰፈር ሲነሳ፦ ከእድር መዝገብ የሚጀምር የትዝታ ሥራ

ሰፈሩ ለልማት ይነሳል ከተባለበት ቀን እስከ ጭነቱ ያለው ጊዜ አጭር ነው። እቃ መታሰር ከጀመረ ስለ ድሮ ለማውራት ፋታ ያለው ሰው አይገኝም። ከተበተኑ በኋላ ደግሞ አንዱ ገላን ጉራ፣ አንዱ አራብሳ፣ ሌላው ጀሞ ይሆንና ሁለት ሽማግሌ ለማነጋገር ሙሉ ቀን ያልቃል። የሰፈር ትዝታ ሰዉ ገና ጎረቤት ሳለ ይሰብሰብ፤ መነሻውም የእድር መዝገብ ይሁን።

ማን መቼ እንደገባ፣ የቤት ቁጥሩ ስንት እንደሆነ፣ ማን በየትኛው ቀን እንዳረፈና ለቤተሰቡ ስንት ብር እንደተከፈለ በተርታ የተጻፈበት ሌላ ሰነድ ሰፈር ውስጥ ማግኘት ያስቸግራል። የሁለት ሰው ወሬ ሲጋጭ ዳኛው መዝገቡ ነው። ጸሐፊውን በጓዳ በር ለምኖ መውሰድ ግን ነውር ነው፤ ጥያቄው ለኮሚቴው ቀርቦ በቃለ ጉባኤ ይፈቀድ፣ መዝገቡም ከተቀመጠበት ቤት አይውጣ። ፎቶው እዚያው በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩን ከገጹ በላይ ቀጥ አድርጎ ይነሳል። ከሽፋኑ ጀምሮ ገጽ በገጽ፣ ባዶውንም ጨምሮ። ባዶ ገጽ ከተዘለለ ኋላ ላይ የተቀደደ ገጽ ይኑር አይኑር መለየት አይቻልም። አንዱ ሲገልጥ አንዱ ቢያነሳ 100 ገጽ መዝገብ በአንድ ሰዓት ያልቃል።

ቀጥሎ ካርታው ነው። ትልቅ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ላጲስና ሦስት ወይም አራት ነባር ነዋሪ ይበቃል። ማንም ከማይከራከርባቸው ቦታዎች ተነሱ፦ የውኃው ቦኖ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ድልድዩ፣ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት። ከዚያ ቤቶቹ በመንገዱ በግራና በቀኝ ይሰለፋሉ። ርቀት በእርምጃ ይለካል፤ መጀመሪያ 10 ሜትር በሜትር ለክታችሁ የራሳችሁን እርምጃ ቁጠሩ፣ ብዙውን ጊዜ ከ13 እስከ 15 ይሆናል። በየቤቱ ላይ የእድሩን ተራ ቁጥር ጻፉ፤ ስሙና ታሪኩ በሌላ ደብተር ይቀመጥ። ካርታውን ሰው ፎቶ ቢያነሳው እንኳ የማንም ስም አደባባይ አይወጣም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ለአንድ ቤት አንድ ባለቤት ብቻ ይጽፋል። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ሲሆን፣ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበሩት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። ስለዚህ ለየቤቱ ሁለት መስመር ያዙ፤ አንዱ ከ1967 በፊት የማን እንደነበረ፣ ሁለተኛው ከዚያ ወዲህ እነማን እንደኖሩበት። የድሮዋ ባለቤትና የቀበሌ ተከራዩ ስለ አንድ ግቢ የሚነግሯችሁ አይገጥምም። ሁለቱም ይጻፍ፤ ማስታረቅ የእናንተ ሥራ አይደለም።

ቤቱን ፎቶ ስታነሱ ከፊት ለፊቱ ብቻ አትቁሙ። ጭቃው የተላጠበት ቦታ ማገሩንና ጭዱን ያሳያል፤ ወደዚያ ጠጋ በሉ። በብዙ የጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ ከቀለሙ ሥር ጋዜጣ ተለጥፎ ይገኛል። ጥጉን በሞቀ ውኃ በረጠበ ጨርቅ አለስልሳችሁ ብታነሱት ቀኑ ሊነበብ ይችላል። ይህ ማለት ግን ቤቱ በዚያ ዓመት ተሠራ ማለት አይደለም፤ ጋዜጣው ግድግዳው ላይ ከዚያ ቀን በኋላ መለጠፉን ብቻ ይነግራል።

ቀረጻው ትዕግሥት ይፈልጋል። ቡና ሳይፈላ ጀምሩ፤ የሙቀጫና የሲኒ ድምፅ ንግግሩን ይበላዋል። ራዲዮና ቴሌቪዥን ይጥፋ፣ ስልኩ ጥሪ እንዳይቀበል ይደረግ፣ ከተናጋሪው አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ በታጠፈ ጋቢ ላይ ይቀመጥ። ጠረጴዛ ላይ ባዶውን ከተቀመጠ የእጅ ምቱን ሁሉ ይይዛል። መጀመሪያ አንድ ደቂቃ ቀርጻችሁ አዳምጡ፤ ሁለት ሰዓት ተወርቶ ምንም ሳይቀረጽ መቅረቱ የሚያጋጥም ነገር ነው። ስማቸውን፣ ቀኑንና ፈቃዳቸውን በራሳቸው ድምፅ ያስገቡ፦ «ይህን ቅጂ ልጆች ቢሰሙት ይፈቅዳሉ፣ እማማ?» ያሉት «አይሆንም» ከሆነ እዚያው ይቆማል።

«ሰፈሩ እንዴት ነበር?» ካላችሁ መልሱ «ፍቅር ነበር፣ መተሳሰብ ነበር» ይሆንና ያበቃል። እውነት ነው፤ ግን ለሁሉም ሰፈር የሚሆን መልስ ነው። በምትኩ በእግር የሚያስኬድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ከበርዎ ወጥተው ወደ ግራ ሲታጠፉ የመጀመሪያው ቤት የማን ነበር? ከዚያስ? ቦኖው ላይ ወረፋ ለመያዝ ስንት ሰዓት ይነሡ ነበር? ባልዲ ስንት ነበር?» እግሩ ሲሄድ ትዝታው ይከተላል። ዝም ሲሉ ቶሎ ሌላ ጥያቄ አትደርቡ፤ አሥር ያህል ቁጠሩ። ዋናው ነገር የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከዝምታው በኋላ ነው።

ዓመት ሲጠየቅ ብዙ አረጋዊ ይቸገራል። አገር በሚያውቀው ነገር አያይዛችሁ ጠይቁ፦ ጣልያን ሳለ (1928–1933)፣ የታኅሣሡ ግርግር (1953)፣ ጃንሆይ ሲወርዱ (1967 መግቢያ)፣ ኢሕአዴግ ሲገባ (1983)፣ ምርጫ 97፣ ሚሊኒየም። «ከዚያ በፊት ነው በኋላ?» ከተባለ መልስ ይገኛል። ስልካችሁ ፋይሉን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚሰይመው ስሙን ወዲያው ቀይሩ፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ የእድር ተራ ቁጥር።

ስለ ሰፈር ስም የሚነገረው አንድ ብቻ አይሆንም። ካዛንቺስ የመጣው ከጣልያንኛው ካዛ ኢንቺስ፣ ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከተሠሩት ቤቶች ነው። ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱ፣ ሠራተኛ ሰፈር እየተባለ ሲሄድ ግን ተረኩ ይበዛል። ሁሉንም ከነተናጋሪው መዝግቡ።

ቀይ ሽብር ሲነሳ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ማን ማንን አጋለጠ የሚለው ወሬ ዛሬም በአንድ ግቢ የሚኖሩ ቤተሰቦችን ይነካል። የሟች ስም በቤተሰብ ፈቃድ ይያዝ፤ የተጠርጣሪ ስም ያለበት ቅጂ ለብቻው ይቀመጥ እንጂ ለማንም አይላክ። የቤት ይዞታ ካርታና መታወቂያም የቡድን ገጽ ላይ አይለጠፍ።

ማስቀመጡ ቀላል ነው፣ ግን ችላ ይባላል። ሦስት ቅጂ በሦስት ቤት ይኑር፤ ፍላሽ ብቻውን አይታመንም። ያልታመቀ ድምፅ (WAV) በሞኖ ለአንድ ሰዓት 317 ሜጋባይት ገደማ፣ የታመቀው (እንደ MP3 ያለው) በ128 ኪሎቢት 58 ገደማ ይይዛል፤ ቦታ ካለ ያልታመቀውን ያዙ። በቴሌግራም ፎቶ ስትላላኩ «ፋይል» ብላችሁ ላኩ፤ በተራው መንገድ ከተላከ ጥራቱ ይወርዳል፣ የተነሳበት ቀንም አብሮ ይጠፋል። አንድ ሙሉ ቅጂ ለቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት (ነባር ሰው ወመዘክር ለሚለው)፣ ወይም 6 ኪሎ ለኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ለመስጠት ጠይቁ፤ ከተቀበሉ የርክክብ ደብዳቤ ያዙ።

እድሩም ከሰፈሩ ጋር እንዳይፈርስ ከመበተኑ በፊት ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራ። በመዝገቡ ላይ ሦስት ዓምድ ይጨመር፦ አዲሱ አድራሻ ከነብሎክ ቁጥሩ፣ ስልክ፣ የቅርብ ዘመድ ስልክ። ሦስተኛው አይዘለል፤ ባለቤቱ ሲያርፍ የሚደወለው በዚያ ነው። ጡሩምባ እስከ ገላን ጉራ አይሰማምና በየመኖሪያው አንድ ተጠሪ ይመረጥ፤ ለፋፊው ለተጠሪዎቹ ይደውላል፣ እነሱ ለየራሳቸው። ቀብር የሚሸኘው ማን ነው፣ ድንኳኑ በየትኛው መኪና ይሄዳል፣ ኪራዩስ ከየት ይከፈላል የሚለው በደንቡ ይግባ። ይህ ካልተጻፈ መጀመሪያ የሚቀረው ለቅሶ ሩቅ ያለ ሰው ለቅሶ ነው፤ ያ ቤተሰብ ደግሞ ወርኃዊ መዋጮውን ያቆማል።

የባንክ ፈራሚዎች ለውጥ ለመጨረሻ አይተው፤ ባንኩ በጉባኤተኛ ፊርማ የተደገፈ ቃለ ጉባኤ ይጠይቃል፣ ያን ፊርማ ከአራት አቅጣጫ መሰብሰብ ወራት ይወስዳል። ድስቱ፣ ሳህኑና አግዳሚው ተቆጥሮ ለንብረት ጠባቂው በፊርማ ይሰጥ፤ ዋናው መዝገብም ገጹ ተቆጥሮ፣ ቁጥሩ በመጨረሻው ገጽ ላይ ተጽፎ፣ ሦስት ሰው ይፈርምበት።