ንጋት ላይ ስትሮጡ የሰፈር ውሾችን እንዴት ትለምዷቸዋላችሁ?

ለታላቁ ሩጫ ልምምድ ልትጀምሩ ነው? ጫማውን ከገዛችሁ በኋላ ቀጣዩ ሥራችሁ ከሰፈር ውሾች ጋር መተዋወቅ ይሁን። የምሬን ነው። 10 ኪሎ ሜትሩ በልምምድ ይመጣል፣ ዳገቱም ቀስ በቀስ ይለመዳል። ሁለት ጓደኞቼ ግን ሩጫ የተዉት ጉልበት አጥሯቸው አይደለም፣ መታጠፊያው ላይ የሚጠብቃቸውን ውሻ ፈርተው ነው። በጣም ነው ያዘንኩት፣ ምክንያቱም መላ ነበረው።

መጀመሪያ ሰዓቱን ምረጡ። ንጋት 11 ሰዓት ላይ ውሻ ገና ሥራ ላይ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሰፈር ሲጠብቅ አድሮ መንገዱ የራሱ ይመስለዋል። ተማሪው ሲወጣ፣ የታክሲ ረዳቱ መጣራት ሲጀምር፣ 12 ተኩል ገደማ፣ ያው ውሻ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ታገኙታላችሁ። በአጠገቡ ብታልፉ ዓይኑን እንኳ አይገልጥም።

በእኛ መንገድ አንድ ቡናማ ውሻ አለ። ሁልጊዜ ከጋራዡ በር ተነስቶ እየጮኸ ያባርረኝና የመብራት ምሰሶው ጋ ሲደርስ ቀጥ ይላል፣ አንድ እርምጃ አያልፍም። ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባል የለ? ድንበሩ እዚያ ድረስ ነው ማለት ነው። አንድ ቀን ቆም ብዬ የጋራዡን ጥበቃ ጠየቅኳቸው፦ «ጋሼ፣ ስሙ ማነው?»

«ቡቺ ነው ልጄ። ሯጭ አይወድም እንጂ ክፉ አይደለም። እዚህ ስትደርስ እየተራመድክ እለፍ፣ ስሙንም ጥራው።»

እንዳሉኝ አደረግኩ። በመጀመሪያው ቀን ጮኸ። በሦስተኛው ቀን ብቻ አየኝ። ሳምንት ሳይሞላ ከጎኔ ሆኖ እስከ ምሰሶው ይሸኘኝ ጀመር! ስለዚህ ጥበቃዎችን ጠይቁ፣ ከእነሱ የተሻለ የውሾቹን ጠባይ የሚያውቅ የለም።

የማታውቁት ውሻ ድንገት ቢነሳባችሁስ? ቁሙ። ከባዱ ነገር ይሄ ነው፣ እግር መሸሽ ይፈልጋላ። ግን የሚሮጥ ነገር ሲያይ ማባረር የውሻ ተፈጥሮ ነው፣ በፍጥነትም አትቀድሙትም። ጎናችሁን ስጡት፣ እጃችሁን አታወናጭፉ፣ ዓይኑ ላይ አታፍጥጡ፣ ረጋ ባለ ድምፅ እያናገራችሁት ቀስ ብላችሁ ራቁ። ብዙ ከሆኑ መሃላቸው አትግቡ፣ ጀርባችሁን ለአጥር ስጡ። ቡችሎች ያሏት እናት ካለች ደግሞ መንገድ ቀይሩ፣ እሷ ጋር ድርድር የለም። የጆሮ ማዳመጫውንም ቢያንስ ከአንዱ ጆሮ አውጡት፣ ከኋላ የሚመጣውን መስማት አለባችሁ።

ጎንበስ ብሎ ድንጋይ የማንሳቱን ዘዴ ሁላችንም እናውቀዋለን። መሬቱ ላይ ድንጋይ ባይኖርም ብዙውን ጊዜ ይሠራል። እኔ ግን ለመጨረሻ አስቀምጡት እላለሁ፣ ምክንያቱም አንዴ ያስፈራራችሁትን ውሻ ነገም እዚያው ነው የምታገኙት። በድንጋይ መምታት ደግሞ ጭራሽ አይሞከር።

«የሚጮህ ውሻ አይናከስም» የሚለውንም ሙሉ በሙሉ አትመኑት። ሰውነቱን ዘና አድርጎ ጭራውን የሚወዘውዝ ሰላም ነው። ጭራውን ሽቅብ አገትሮ ጥቂት ጥቂት ቢያንቀሳቅሰው ግን ደስታ አይደለም፣ ተጠንቀቁ።

ከነከሳችሁ፣ ወይም ጥርሱ ቆዳችሁን ከጫረ፣ እዚህ ላይ ቸልታ የለም። ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡት። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል፣ ቀድሞ የተወሰደ ክትባት ግን ያድናል። ፀበሉም ይሁን፣ ክትባቱ ግን አይቅር። ውሻው ባለቤት ካለው ለ10 ቀን በዓይን ይጠበቃል፣ እናንተ ግን ያ እስኪያልቅ ቤት አትቀመጡ።

ባለፈው ክረምት ዝናቡ አላስወጣ ብሎኝ አራት ቀን ሳልሮጥ ቀረሁ። በአምስተኛው ቀን ስወጣ ጋሼ ከሩቅ አይተውኝ ሳቁ። «የት ጠፋህ? ይሄ ውሻ እኮ በየጠዋቱ ምሰሶው ሥር ቁጭ ብሎ መንገድ መንገድ ሲያይ ከረመ» አሉኝ። ቡቺ ቀድሞኝ መንገድ ጀምሮ ነበር።